ሲላላ ሣር፣ ሲጠብቅ ወተት

ኅዳር 3 ቀን 2002 ዓ.ም.፣ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሶዶ ከተማ ውስጥ ካለ አንድ ክሊኒክ በር ላይ ቆሜ ዳሞታን እመለከት ነበር። ተራራው ከወገቡ በታች በጉም ስለ ተዋጠ፣ የሚታየው ጫፉ በምድር ላይ የቆመ ሳይሆን ከሰማይ የተንጠለጠለ ይመስል ነበር። ጉልበቴን የመረመረችኝ ወጣት ሐኪም ገና አሁን፣ "አባባ፣ በዚህ ዕድሜ አጥንት ይሳሳል፤ ወተት ማብዛት አለብዎት" ብላ አሰናብታኛለች።

"ወተት ሆዴን ይነፋኛል" ብያት ነበር።

"ቢሆንም ግድ ነው።"

"ግድ መሆኑን በምን አወቅን?"

ፈገግ አለች። "ይህ እኮ ሕፃን የሚያውቀው ነው፣ አባባ።"

ጡረታ እስክወጣ ድረስ የሥነ ምግብ ባለሙያ እንደ ነበርሁ አልነገርኋትም። ቢነገራትም የሚለወጥ ነገር አልነበረም፤ ከኋላዋ ብዙ ሕመምተኛ ተሰልፏል። ነገር ግን "ግድ" የምትለው ቃል አብራኝ ወጣች፤ ቤቴም ድረስ ተከተለችኝ። ከሥራ ዘመኔ የሚበልጠው ያለፈው በዚህች ቃል ዙሪያ ነውና፣ ጉሙ ሳይገፈፍ የማስታውሰውን ልጻፍ ብዬ ተቀመጥሁ።

በንጉሡ ዘመን ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ፣ በደርግ ዘመን በልዩ ልዩ መሥሪያ ቤት አገልግዬ፣ መንግሥት ተለውጦ አዲሱ መዋቅር ሲዘረጋ ወደ ተወለድሁበት ወላይታ ተመደብሁ። አባቴ ከሰሜን በመጣ ሹም ቤት ያደገ የሶዶ ነጋዴ ነበር፤ እኔ ግን አማርኛን ከቤት፣ ወላይትኛን ከሰፈር ልጆች ጋር በጨዋታ ተምሬያለሁ። ደመወዙ የሚወራለት አልነበረም፤ የመጀመሪያው ምድቤም ሃላሌ ሆነ።

ሃላሌን ሳስብ አስቀድሞ የሚመጣልኝ ቁልቁለቱ ነው። ከቢሮው ደጃፍ ቁልቁል ሲመለከቱ ሸንተረሩ እየሰመጠ፣ ሰማያዊ እየመሰለ ሄዶ ወደ ኦሞ አቅጣጫ ይጠፋል፤ ጠዋት ጠዋት ሰዎች ከጉሙ ውስጥ አስቀድሞ ድምፃቸው፣ ቀጥሎ ሸክማቸው፣ በመጨረሻ ፊታቸው እየታየ ይወጡ ነበር። ለማስተማሪያ የተሰጠኝ አንድ ትልቅ ሥዕል ነው፤ ላም፣ ብርጭቆ ወተት፣ አጠገቡም ቀጥ ብሎ የቆመ ልጅ። አንድ ቀን በዚያ ሥዕል ፊት ቆሜ ወተት ለአጥንት ስላለው ጥቅም ሳስረዳ አንዲት ጎልማሳ ሴት እጇን አነሣች።

"ላም የሌለው ሰው አጥንት የለውም ማለት ነው?"

"አለው፤ ግን እንደሚገባው አይጠነክርም" አልሁ፣ መጽሐፉ እንደሚለው።

"እንግዲህ እኔ ከዚያ ገደል ሥር እንሰት ተሸክሜ የወጣሁት በሥጋ ብቻ ነው" አለች። ስብሰባው በሳቅ ተበተነ። ለቀናት ያህል ሴቶች መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ክንዳቸውን እያሳዩ፣ "ጋሼ፣ እስቲ ዳስሰው፤ አጥንት አለ?" ይሉኝ ነበር።

በእነዚያ ወራት ነበር እትዬ ዘነበች ሥራዬን ለመገምገም ከሶዶ የመጡት። በዕድሜም በሙያም ቀዳሚዬ ነበሩ፤ ሰውነታቸው ደልደል ያለ፣ አነጋገራቸው የተቆጠበ፣ ጫማቸው ሁልጊዜ የተወለወለ። ከእሳቸው የተማርሁት በአብዛኛው በማየት ነው። አንድ ቤት ሲገቡ ወንበር ቢቀርብላቸው አይቀመጡም ነበር፤ ልጁ ውሎ የሚቀመጥበት የት እንደ ሆነ ጠይቀው እዚያው ይቀመጣሉ። ከዚያ ሆነው ልጁ የሚያየውን ያያሉ፣ የሚተነፍሰውንም ይተነፍሳሉ። እናት ስትናገር ሻሻቸውን ከጆሮአቸው ላይ ገለል ያደርጋሉ፤ የሰሙትን ከመመዝገባቸው በፊትም፣ "እስቲ እንደገና በይልኝ፤ ቀስ ብለሽ" ይላሉ። ምን በላችሁ ብለው አይጠይቁም፤ ማን በላ ነው ጥያቄያቸው።

የቅቤውንም ነገር ያስረዱኝ እሳቸው ናቸው። በወላይታ ወተት የሚታለበው ይበልጡን ለቅቤ ነው። ቅቤው ለዘመን መለወጫው በዓል ለጊፋታ ይጠራቀማል፣ ለአራስ ይቀርባል፣ ገበያ ይወጣል፤ የአንዲት ሴት ክብር በቅቤዋ ይታያል። አንድ ቀን ከተናጠ ወተት የወጣ ቅቤ እንደ ቡጢ ተድቦልቡሎ በኮባ ቅጠል ሲጠቀለል እያየን፣ "አየህ፣ ሰው ሁሉ የሚያከብረው ይህን ነው" አሉኝ። "ለአጥንት የሚሆነው ግን እዚህ ውስጥ የለም፤ አሬራው ውስጥ ቀርቷል። አሬራውን ደግሞ የሚጠጡት ማንም ልብ የማይላቸው ልጆች ናቸው። ስለዚህ ሥዕልህን ይዘህ ከመጮህህ በፊት ልጆቹ ምን እየጠጡ እንዳሉ እወቅ።"

ከሃላሌ ወደ ተበላ የተዛወርሁት በሰማንያዎቹ መገባደጃ ላይ ነው። ተበላ ቆላ ናት። በበጋ ሰማዩ ነጭ ይሆናል፤ በአባያ ሐይቅ አቅጣጫ ውኃውን ከጭጋጉ ለመለየት ያዳግታል፤ በገበያ ቀን የሚኒባሶቹ አቧራ በአየር ላይ እንደ ተንሳፈፈ ይውላል። በዚያ አቧራ ውስጥ ያለፉት ዓመታት ዛሬ ሳያቸው አንድ ረጅም ከሰዓት በኋላ ይመስሉኛል።

ኃላፊያችን አቶ ግርማ ከሰሜን የመጡ ታታሪ ሰው ነበሩ። ወላይትኛ ለመማር ይጥሩ ነበር፤ ከውጭ ከመጡት ሹማምንት መካከል ያለ አስተርጓሚ ከገበሬ ጋር ለመነጋገር የሚደፍሩት እሳቸው ብቻ ስለ ነበሩ አከብራቸው ነበር። እኔ ከመድረሴ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ አንድ የረድኤት ድርጅት ለችግረኛ ቤተሰቦች የወተት ላም ለማከፋፈል ሲመጣ፣ አቶ ግርማ ለሙከራ የሚሆን ቤት ፍለጋ ከከተማው ወጣ ብሎ ወደሚገኝ መንደር ሄዱ። እዚያ ዓለሚቱ የምትባል ሴት አገኙ። ባሏ ለጉልበት ሥራ ወደ አርባ ምንጭ በኩል ሄዶ በየጊዜው የሚመለስ ነው፤ ሦስት ዓመት አልፏት ያልሄደች፣ ምሕረት የምትባል ልጅ አለቻቸው። ችግሯ ምን እንደ ሆነ ሲጠይቋት ዓለሚቱ፣ "ማታ ባዋ" አለቻቸው። አቶ ግርማ ይህን ለእኔ የነገሩኝ በአማርኛ ነው፤ "ወተት የለም አለችኝ፤ እኔም ላም አሰጠኋት" ብለው። ቢሯቸው ውስጥ፣ "ወተት ለጠንካራ አጥንት" የሚል ጨርቅ ተሰቅሎ ነበር።

ቤቱን ለማየት የሄድሁ ዕለት በሩ ከውጭ ተቀርቅሮ አገኘሁት። ከዛፍ ጥላ ሥር ብዙ ጠበቅሁ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ከመንገዱ ጫፍ አንድ የሣር ክምር በራሱ የሚራመድ መስሎ መጣ፤ ሲጠጋ ከሥሩ ዓለሚቱ ታየች። ሸክሟን አራግፋ በሩን ከፈተችልኝ። ውስጡ ጨለማ ነበር፤ ዓይኔ እስኪለምድ ድረስ የሰማሁት የሁለት ላሞች ትንፋሽ ብቻ ነው። ቀስ እያለ ላሞቹን ከሚለየው ግርዶሽ ወዲህ አንዲት ልጅ እየታየችኝ መጣች። በሰሌን ላይ ተቀምጣ አጠገቧ ያለውን ባዶ ኩባያ ይዛለች። ዓይኖቿ ትልልቅ፣ ግንባሯ ሰፊና ወጣ ያለ ነበር። በላይኛው ከንፈሯ ላይ ገና ያልደረቀ የወተት ነጭ መስመር ነበር።

እጇን ያዝሁ፤ አንጓዋ አብጧል። ጎኗን ስዳስስ የጎድን አጥንቶቿ ጫፍ እንደ መቁጠሪያ ፍሬ ይቆረቁራል። እግሮቿ ከጉልበት በታች ወደ ውጭ ጎብጠዋል። ሐኪሞች ሪኬትስ የሚሉት የአጥንት መለስለስ መሆኑን ለማወቅ ብዙ መመራመር አያስፈልግም። እንቆቅልሹ በከንፈሯ ላይ ያለው ወተት ነበር። ጧትም ማታም እንደምትጠጣ እናቷ ነገረችኝ፤ ከድርጅቱ ላም በፊትም የራሳቸው አንዲት ላም ነበረቻቸው። ጤና ጣቢያው በጊዜው ለዚህ ሕመም የሚሰጠው የዓሣ ዘይት አልነበረውም። ለእትዬ ዘነበች መልእክት ላክሁ።

በሳምንቱ መጡ። በሰሌኑ ላይ፣ ከምሕረት አጠገብ ተቀመጡ፤ ጫማቸውን አውልቀው በአንድ በኩል አስቀመጡ። ሻሻቸውን ከጆሮአቸው ገለል አደረጉና፣ "ለአቶ ግርማ ያልሻቸውን እስቲ እንደገና በይልኝ፤ ቀስ ብለሽ" አሏት።

"ማታ ባዋ" አለች ዓለሚቱ።

እትዬ ዘነበች ወደ እኔ ዞሩ። "አንተ ሶዶ አይደለህም እንዴ የተወለድከው? ምን አለች?"

"ሣር የለም አለች።"

"ወተትስ?"

"ስለ ወተት ምንም አላለችም።"

በወላይትኛ "ማታ" የሚለው ቃል "ታ" ሲላላ ሣር ነው፤ ሲጠብቅ ወተት። በፊደላችን ሲጻፍ ሁለቱ አይለዩም፤ በአማርኛ ጆሮ ለሚሰማውም ሁለቱም ከምሽት ጋር ይደባለቃሉ። ዓለሚቱ ለአንዲቱ ላሟ ሣር እንዳጣች ነግራቸው ነበር፤ እሳቸውም ሁለተኛ ላም አመጡላት። በበጋ ሣር የሚገኘው ርቆ ከሚገኘው ረግረግ ዳር ነው። ለአንድ ላም ግማሽ ቀን የሚበቃት ሴት ለሁለት ላም ጎሕ ሳይቀድ ወጥታ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መመለስ ጀመረች። ልጅቱ በዚያ ሁሉ ጊዜ በጨለማው ውስጥ ናት።

"ለምን ይዘሻት አትሄጂም?" አልኋት።

ዓለሚቱ አማርኛን የተማረችው በገበያ ነው፤ እንደ ብዙዎቹ የአገሩ ሰዎች ለሴት ልጅም በወንድ አንቀጽ ትናገራለች። "ልጄ እግሩ እንዲህ ሆኖ ሰው ሲያየው፣ 'እናቱ ምን በልታ ነው የወለደችው' ይላሉ። የባሌ እናት ገና ዱሮ ብላለች። በር ዘግቼበት ብሄድ ይሻላል። ወተት አስቀምጥለታለሁ፤ አይራብም።"

"ፀሐይስ?" አሉ እትዬ ዘነበች።

"ፀሐይ ደግሞ ይበላል እንዴ?"

"ይበላል። በቆዳ ነው የሚበላው። ያለ እሱ የወተቱ ጉልበት አጥንት ውስጥ አይገባም።"

ዓለሚቱ ወደ እኔ ተመለከተች፣ ሴትዮዋ ይቀልዳሉ ወይ እንደማለት። ቀጥሎ ያለችው ከዚያ ወዲህ ከጆሮዬ አልወጣም፤ "ላሙን ልትወስዱብኝ ነው? ውሰዱ ካላችሁ ውሰዱ። ግን ለጊፋታ ያለ ቅቤ ከባሌ እናት ቤት ምን ይዤ ልግባ?"

በአንድ ወገን የልጅቱ እግሮች፣ በሌላ ወገን እናቲቱ በዘመዶቿ ፊት የምትቆምበት ክብር ነበር። አጥንት በለጋነቱ ካልተቃና ዕድሉ እያለፈ ይሄዳል። ሁለቱም አብረው የሚድኑበት መንገድ ካለ ልጅቱን ከእናቷ ጋር ወደ ሣሩ ማውጣት ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ በመንደሩ ሁሉ ፊት የሚያልፍ መንገድ ነው።

ለአቶ ግርማ ሁሉን አስረዳኋቸው። ወደ ተሰቀለው ጨርቅ ዞሩ። "ታዲያ እኔ ምን ልበል፣ አቶ ታደሰ? ላም ሰጥተን ልጅ አጎበጥን ልበል? የድርጅቱ እንግዶች እኮ በዚህ ወር ሊጎበኙ ይመጣሉ። ቃሉንም ቢሆን... እኔ በደንብ የሰማሁት ይመስለኛል።" ድምፃቸው ወደ መጨረሻው እየከሰመ ሄደ።

እንግዶቹ መጡ። የዓለሚቱ ግቢ ተጠርጎ፣ ላሞቹ ከደጅ ታስረው፣ ቅቤው በኮባ ቅጠል ላይ ቀርቦ ነበር። አቶ ግርማ፣ "ምሕረት የታለች?" ሲሉ ዓለሚቱ ከቤቱ ጓሮ አንዲት ልጅ በእጇ ይዛ መጣች። ልጅቱ ቀይ ቀሚስ ለብሳለች፤ በሁለት ቀጥ ያሉ እግሮቿ እየሮጠች መጥታ ላሟን ዳሰሰች። የባሏ ወንድም ልጅ ነበረች። አቶ ግርማ ምሕረትን ያዩዋት አንድ ጊዜ፣ ያውም በዚያ ጨለማ ውስጥ ነበርና አላወቋትም፤ የእግሯንም ነገር እኔ አጋንኜ የነገርኋቸው መሰላቸው። እንግዶቹ አጨበጨቡ፤ ፎቶግራፍም አነሡ።

ዓለሚቱ ከሰዎቹ ትከሻ በላይ አየችኝ። ልመናም ቁጣም አልነበረበትም አስተያየቷ፤ የምናገረውን ትጠብቅ ነበር። አፌን ብከፍት መንደሩ የሚሰማው የቢሮውን ስሕተት ሳይሆን የእሷን ኀፍረት ነው። አልተናገርሁም፤ ዛሬም እዚያው ብቆም አልናገርም። አቶ ግርማን ግን እንግዶቹ መኪና ሳይገቡ ለብቻቸው ይዤ እውነቱን ነገርኋቸው። "አሁን?" አሉኝ። "አሁን ምን ይደረጋል?" በዓመቱ ለወረዳው ተጨማሪ ላሞች ተመደቡ። የሣር መኖር፣ የልጆች ውሎ አስቀድሞ ይጠና ብዬ በጽሑፍም በቃልም ተከራከርሁ፤ ላሞቹ መጡ። ከዚያ በኋላ በበጋ በመንደሮቹ ሳልፍ ከውጭ የተቀረቀረ በር ባየሁ ቁጥር ቆም እላለሁ። በሥራ ዘመኔ የደረሰብኝ ትልቁ ሽንፈት ይህ ነው።

እትዬ ዘነበች ግን ከጉብኝቱ በኋላ በነበረው የገበያ ቀን ያለማንም ትእዛዝ ከሶዶ በሚኒባስ ተሳፍረው መጡ። ዓለሚቱ ደጅ ስንደርስ፣ "ዛሬ ሣር አብሬሽ አጭዳለሁ" አሏት። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብተው ምሕረትን አነሡና በራሳቸው ነጠላ አጥብቀው ጀርባቸው ላይ አዘሏት። ዓለሚቱ መንገዱን ተመለከተች፤ መንገዱ በሰው ተሞልቷል።

"እትዬ፣ ሰው ያያል።"

"ይየው።"

የተወለወለ ጫማቸው በአቧራው እየገረጣ፣ የልጅቱ ጎባጣ እግሮች ከወገባቸው ግራና ቀኝ ወጥተው እየተወዛወዙ፣ ወደ ገበያ የሚጎርፈውን ሕዝብ ተቃርነው ሄዱ። ዓለሚቱ አንገቷን ደፍታ ከኋላ ትከተላለች፤ እኔ ማጭዱን ይዣለሁ። ስኳር ድንች የተሸከመች አንዲት ነጋዴ ቆም ብላ፣ "እሜቴ፣ በእርጅና ወለዱ እንዴ?" አለች። አጠገቧ ያሉት ሳቁ።

"አዎን" አሉ እትዬ ዘነበች ሳይቆሙ። "ዘግይታ መጣች። ይህን የመሰለ ፊት ለመሥራት ጊዜ ይወስዳል።"

ሳቁ አልቆመም፤ ጠባዩ ግን ተለወጠ። ነጋዴዋ ከጭነቷ አንድ ስኳር ድንች መዝዛ በልጅቱ እጅ አስያዘቻትና መንገዷን ቀጠለች። ዓለሚቱ ይህን አየች። ትንሽ ቆይታ አንገቷን ቀና አደረገች፤ ረግረጉ ዳር ልንደርስ ስንል ደግሞ፣ "ያምጡልኝ፣ ይከብድዎታል" ብላ ልጇን ተቀበለቻቸው፤ በራሷም ጀርባ ላይ አዘለቻት።

ምሕረት በሣሩ ላይ ስትቀመጥ መጀመሪያ ዓይኖቿን በሁለት እጇ ሸፈነች። ከዚያ በጣቶቿ መካከል ማየት ጀመረች። ጭጋጉ ከአባያ በኩል ገና አልተነሣም ነበር፤ ብርሃኑ ከአንድ ቦታ የሚመጣ ሳይሆን ከሁሉም አቅጣጫ የሚፈስ ይመስል ነበር፤ ሣሩም፣ ልጅቱም፣ ከሩቅ ጎንበስ ቀና የሚሉት ሁለቱ ሴቶችም በውስጡ የሚንሳፈፉ ይመስሉ ነበር። ጭጋጉ ሲሳሳ አጠገቧ ጥላዋ ወጣ። ልትይዘው እጇን ሰደደች፤ ጥላውም እጁን ሰደደ። ደነገጠች፤ ቀጥሎም ሳቀች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቷ ሣር ፍለጋ ስትሄድ አዝላት ትሄድ ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሁለቱም ላሞች ነጠፉ፤ እስከ ክረምት ድረስ በዚያ ቤት ወተት አልታለበም። ምሕረት የበላችው በቆሎና ቦሎቄ፣ ጎመን፣ እኛ ሽፈራው የምንለውና እነሱ ሃለኮ የሚሉት ቅጠል ነው። ክረምቱ ሲገባ ቆመች፤ በጊፋታ ወደ አያቷ ቤት በራሷ እግር ሄደች። ዝናቡ ሣሩን ሲመልስ ከላሞቹ አንዷ ወልዳ ነበርና ዓለሚቱም ቅቤዋን ይዛ ገባች።

እኔ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ዲምቱ ተዛወርሁ። ዲምቱ አምስት ዓመት፣ ከዚያም ሶዶ እስከ ጡረታ። እትዬ ዘነበች ዲምቱ ሳለሁ ዐረፉ።

ምሕረትን ያየኋት ጡረታ በወጣሁበት ዓመት ነው፤ ሶዶ መናኸሪያ ውስጥ ከእናቷ ጋር። የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሆናለች። የግራ እግሯ ሙሉ በሙሉ ቀንቷል፤ ቀኙ ትንሽ ጎበጥ እንዳለ ቀርቷል፤ ስትሄድ የሚያስተውለው የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። እናቷ ማን እንደሆንሁ ስትነግራት ትክ ብላ አየችኝና፣ "ጋሼ፣ በሳይንስ ትምህርት ወተት ለአጥንት ግድ ነው ይላል" አለችኝ። "ያን ጊዜ ላሞቹ ባይነጥፉ ኖሮ፣ ይኼኛውም ይቀና ነበር?"

አላውቅም አልኋት። እውነቱም ይኸው ነው። ያለ ወተት አጥንቷ እንደ ጠና በዓይኔ አይቻለሁ፤ ስለዚህ ፀሐይና ቅጠል ላገኘ ልጅ ወተት ግድ አይደለም ብዬ እናገራለሁ። ነገር ግን ሁለቱን አንድ ላይ ብታገኝ ኖሮ ቀኙ እግር ይቀና እንደ ነበር፣ ወይስ እኛ ወደ ፀሐይ ያወጣናት ዘግይተን እንደ ሆነ፣ ለመለየት የሚያስችል ነገር በእጄ የለም። ይህ ሳይፈታ ቀርቷል።